ድንጋይ አድማጩ

ድንጋይ አይሞትም የሚል ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያውቅ ይሆናል እንጂ ከድንጋይ ጋር ኖሮ አያውቅም። ይሞታል። አሟሟቱ ግን ጩኸት የለበትም። ቀን ፀሐይ ትወጥረዋለች፣ ሌሊት ብርድ ይሰበስበዋል፤ ሲወጠርና ሲሰበሰብ ኖሮ አንድ ቀን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። በተነሣው ስር የዝናብ ውሃ ገብቶ ያድራል። ውሃውን የሣር ሥር ይከተለዋል፤ ሥሩ ሲወፍር ስንጥቁም ይሰፋል። ውሃው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ከአየሩ ያነሣውን ጎምዛዛ ነገር ይዞ ይገባና ብረት ያለበትን ያዝገዋል፣ ጠጣሩን ፍሬ ቀስ ብሎ ጭቃ ያደርገዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው ተረት ለሰው ብቻ የተተረተ አልነበረም።

ይህን ሁሉ በጆሮው የሚያውቅ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ግንበኞች ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚሉት። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው በዚሁ ስም ትጠራዋለች።

ስሙ የወጣለት ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ በአንድ ዋና ግንበኛ ስር ሲጠርብ ነው። ለገበያው ትልቅ በር አናት የተዘጋጀ ድንጋይ ነበር፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ፊት የሚያሳይ። ሰዎቹ ሊያነሡት ገመድ ሲያስሩ እሱ መዶሻውን እንደያዘ ፊታቸው ቆመ።

«ይሄ አይወጣም።»

«ምነው? ምን አየህበት?» አለ ዋናው ግንበኛ።

«ምንም አላየሁበትም። ስመታው ግን አይመልስልኝም።»

«ምን እንዲመልስልህ ፈልገህ ነው? የእግዜር ሰላምታ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ዋናው ግንበኛም ሳቀ። ግን ሰውዬው ስቆ ሲያበቃ የሚያስብ ዓይነት ነበርና ሽብልቅ አስመጥቶ ድንጋዩን አስፈለጠው። ለሁለት ሲከፈል መሃሉ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው እርጥብ ሸክላ አፈር ተጋድሞ ተገኘ። ያን በር ከላይ ሆኖ ሊሸከም የነበረው ድንጋይ ሆዱ ውስጥ ጭቃ ይዞ ነበር። ሳቁ ባለበት ቀረ፤ ስሙ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ተተከለ።

አሠራሩ ይኸው ነው። ባርኔጣውን ያወልቃል። እጀታዋ በመዳፉ ወዝ የጠቆረችውን ትንሽ መዶሻ አውጥቶ ድንጋዩን መሃሉንና ሁለት ዳሩን ይመታል፤ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ምስጢር እንደሚነገረው ሰው ጠጋ ብሎ ያዳምጣል። ደህና ድንጋይ ሲመታ እንደ ደወል ቀጥኖ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ትንሽ ይቆያል። ውስጡ የተበላው ግን ጤፍ እንደሞላ ከረጢት «ዱብ» ብሎ ይቀራል። ጆሮው ዐይኑን ሲገልጥ የሚናገረው አንዲት ቃል ናት፤ «አለ» ወይም «የለም»።

«ዳኛ እንኳ ሲፈርድ ምክንያት ይጽፋል» ይለው ነበር ኖራው። ኖራው የዕድሜ እኩያው፣ የሥራ ተቀናቃኙና የልብ ወዳጁ የሆነ ግንበኛ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ኖራ ለብሶ ስለሚውል እንዲያ ተባለ። «አንተ ግን አለ፣ የለም። ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ከዳኛ ይግባኝ ይባላል። ደርብ የተናደበት ሰው ይግባኝ ወዴት ይላል?»

እንዲህ ሲኖር በከተማው ውስጥ እሱ «አለ» ሳይለው የቆመ ትልቅ ድንጋይ ጠፋ። ከሁሉም ግን አንድ የሚኮራበት ሥራ ነበረው፤ የልጁ ደረጃ።

ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። ከባልዋ ጋር የምትኖረው ከምድር ቤት ሲሆን የምትሰፋው ከላይ ካለው ሰፊ ክፍል ነው። ወደላይ የሚያወጣው ከግድግዳው ውጪ ያለ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። የየደረጃው አንድ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ ሌላው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ደረጃ ማታለል አይወድም፤ ድንጋዩ ደህና ከሆነ ይቆማል፣ ካልሆነ ሰው ይዞ ይወርዳል። ጆሮው ድንጋዩ ከሚወጣበት ድረስ ሄዶ እያንዳንዱን ጥቁር ድንጋይ እየመታ፣ ከሚያነሣው የሚጥለው እየበዛ መረጠላት። ሠርቶ ሲጨርስ እጁን እያራገፈ፣ «ይሄ ደረጃ አንቺንም ልጆችሽንም ይቀብራል» አላት።

«አባዬ፣ ምርቃት ነው እርግማን?» አለችው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል ጆሮው ልጁን ሊጠይቅ ወጣ። እሷ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ የቀሚስ ልክ ወረቀት ላይ ትሥላለች። ወረቀቱ እንዳይነሣ አንድ ጠፍጣፋ፣ እንደ ዳቦ ቅርፊት የጎበጠ ቡናማ ነገር ጭናበታለች።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከደረጃው ነው። ከሦስተኛው ስር ወድቆ አገኘሁት። ጥሩ ክብደት አለው፣ ወረቀቴን ይይዝልኛል።»

አባትየው ቅርፊቱን አንሥቶ በጥፍሩ ፋቀው፤ ዝገት የመሰለ ዱቄት እጁ ላይ ቀረ። ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሦስተኛውን ደረጃ መታ። ዱብ። አራተኛውን መታ። ዱብ። እስከ ላይኛው ደጃፍ መታቸው፤ ወደታች እየወረደ ደገማቸው። አንድም የሚጮኽ አጣ።

«የለም» አለ። ድምፁ ልጁ እስክትደነግጥ ድረስ ከፍ ያለ ነበር።

«የትኛው ነው የሌለው አባዬ?»

«አንዱም የለም! ነይ ውረጂ። በግድግዳው በኩል ተጠግተሽ ውረጂ!»

ከእሷው ጨርቅ ቀይ ቅዳጅ ወስዶ ገመድ ላይ አሠረና የደረጃውን አፍ ዘጋው። ላዩ ላይ መውጣትም ሆነ ስሩ መቆም ተከለከለ። የስፌት መኪናው በእንጨት መሰላል በኩል፣ በባልዋ ትከሻና በብዙ ምሕላ ወረደ። የመቁረጫው ጠረጴዛ በየትኛውም በር አልገባም ብሎ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ወገብ የሚለካው ምድጃና ቁምሳጥን መሃል ሆነ፤ አዲስ ሱሪ የወሰደ ሁሉ ሽንኩርት ሸተተኝ እያለ ይመለሳል። አንዲት ሞላ ያለች ደንበኛዋ ገመዱን አይታ፣ «እህቴ፣ እኔ ስመጣ አይተሽ ነው የዘጋሽው?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሲመሽ ግን ምድጃው ላይ ተደግፋ ስታለቅስ ባልዋ አገኛት። በዚህ ቦታ መሥራት እንደማትችል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ እንደሌላት ሁለቱም ያውቁታል።

አማችየው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። አማቱን ከልቡ ይወዳል፤ ደረጃው አጠገብ ተቀምጠው የሆነውን ሊያስረዳው ሞከረ። የዝናብ ውሃ የምንተነፍሰውን የተቃጠለ አየር ሲያገኝ ቀለል ያለ አሲድ እንደሚሆን፣ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ምስማር እንደሚዝግ፣ የዛገው ስለሚያብጥ የላይኛው ገጽ እንደሚላጥ አንድ በአንድ ነገረው።

ጆሮው ፊቱን ወደ አማቹ አፍ አስጠግቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ሰማው። «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ሞቷል ነው ያልኩት።»

«አይደለም እኮ አባባ። እርስዎ በሰው ዕድሜ እያሰቡ ነው። ይሄ እንዲህ ያለ ድንጋይ ልቡ ድረስ እስኪበላ ስንት ሺህ ዓመት ይፈልጋል። አንድ ቅርፊት ወደቀ ማለት...»

«ሺህ ዓመት ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«የለም፣ እኔማ...»

«እኔ ድንጋይ መትቼ አውቃለሁ። ሰኞ ይፈርሳል።»

አስተማሪው ከዚህ በላይ አልገፋም። በዚያ ከተማ ጆሮው የለም ያለውን አለ ብሎ የተሟገተ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ጆሮው ግን ለማንም ያልነገረው ሌላ ነገር ነበረ። ከልጁ ቤት ሲመለስ ልቡ አላርፍ ብሎት የድልድዩን መደገፊያ መታ። ዱብ። የጤና ጣቢያውን የማዕዘን ድንጋይ መታ። ዱብ። ገበያው በር ድረስ ሄደ፤ በወጣትነቱ ጭቃ የያዘውን አስጥሎ በምትኩ ያስወጣውን ድንጋይ መሰላል ለምኖ ወጥቶ መታው። እሱም ዱብ አለ። ከስሩ አትክልት ሻጮች ይጮኻሉ፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ያልፋሉ። 

ከዚያ በኋላ እህል አልወርድለት አለ። ሐሳቡ ከሁለት ነገር አላልፍ አለው። ወይ የከተማው ድንጋይ በአንድ ክረምት አብሮ ሞቷል፤ ወይም ዕድሜ ልኩን «አለ» እያለ ያቆመው ሁሉ ቀድሞውንም አልነበረም። የመጀመሪያው ቢሆን ከተማው ላዩ ላይ ይወርድበታል። ሁለተኛው ቢሆን ደግሞ እሱ ራሱ ምን ሆኖ ነው የኖረው? ሰው የሚያይበትን መነጽር አያይም። ብዙ ዘመን ያመነውን ነገር ለመጠርጠር መጀመሪያ ከእጁ ማውጣት አለበት፤ ጆሮውን ደግሞ ማን አውጥቶ ያያል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ሐሜትን ነው ይባላል። ከዚያም የሰፋ ነገር አለው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ሚስቱ ማጉተምተም ጀምራለች ብሎ ያማርራል።

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ እንጂ!»

«እኔ? የኔን ድምፅ ጎረቤት ሰምቶ መልስ እየሰጠኝ አይደለም እንዴ!»

«ይኸው ደግሞ፤ ምን እንዳልሽ ማን ይወቀው» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ሰኞ ጠዋት ኖራው ትልቁን መዶሻ ተሸክሞ መጣ። እንደ ልማዱ አልቀለደም፤ ወዳጁ በጥቂት ቀን ከሲታ ሆኖ ጠበቀው። ልጅቱና ባልዋ ከአጥሩ ስር ቆመዋል። ሚስትየውም ነጠላዋን አገጯ ላይ አድርጋ መጥታለች። ደረጃ የሚፈርሰው ከላይ ነውና ኖራው በእንጨቱ መሰላል ወጥቶ የላይኛው ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ከላይ።

ጆሮው በእጁ «ምታ» አለው።

ኖራው መታ።

መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ድንጋዩ ጮኸ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያጠርስ ጩኸት። የጎረቤት ውሻ ተነሥቶ ጮኸ፣ ጣሪያ ላይ የነበሩ እርግቦች ብድግ አሉ። ልጅቱ ሁለት ጆሮዋን ያዘች፣ ባልዋ ወደኋላ አለ፣ ሚስትየው «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ኖራው ራሱ እጁ ዝሎ መዶሻውን ሊለቀው ምንም አልቀረው።

ጆሮው ብቻ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ፣ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«አያችሁ? ትንፍሽ አላለም።»

 ኖራው ከላይ ሆኖ፣ ታዘዝኩ ያለ ሰው ይመስል የደረጃውን ጫፍ ደጋግሞ መታው። በመጨረሻ ከጠርዙ የጡጫ ያህል ስባሪ ተፈንጥሮ ጆሮው እግር ስር ወደቀ። አነሣው። ከውጪ በኩል የጥፍር ውፍረት የማታክል ቡናማ ቆዳ አለችው፤ ከእሷ ውስጥ ግን ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁር ነው፤ ዛሬ ከመሬት የወጣ ይመስል ያብለጨልጫል። ውሃ አልደረሰበትም፣ ዝገት አልነካውም። አገላበጠው። በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ያው ነው።

ልጁ ቀስ ብላ መጥታ ክንዱን ያዘችው። «አባዬ» አለችው፣ ፊት ለፊቱ ሆና፣ አፏን እያሳየችው። «አልሰማኸውም?»

«ምኑን?»

«ድንጋዩ ሲጮኽ። ውሻው ሲጮኽ። አባዬ፣ ሰፈሩ በሙሉ እኮ ነው የሰማው።»

ድንጋይ አድማጩ ስባሪውን እንደያዘ ውሻውን አየው፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እርግቦቹን አያቸው፤ ክንፋቸው ይርገበገባል። የድልድዩ መደገፊያ፣ የጤና ጣቢያው ማዕዘን፣ ሴቶች ልጅ አዝለው የሚያልፉበት የገበያ በር በሐሳቡ አንድ በአንድ አለፉ፤ እያንዳንዳቸውም ቦታቸው ላይ ደህና ሆነው ቆሙ። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። አለቀሰ ብለው ሊያነሡት ሲጠጉ ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ተመስገን!» አለ። «ተመስገን፣ ደንቁሬአለሁ!»

«እኔስ ከክረምቱ ጀምሮ ምን እያልኩ ነበር?» አለች ሚስቱ።

«ምን አልሽ?»

«ይኸው!» አለችና ነጠላዋን ወደኋላ ወረወረች። ኖራው ከላይ ሆኖ እየሳቀ እንዳይወድቅ ደጃፉን ያዘ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኙት ነርስ ትከሻ ሰፊ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። በትንሽ መብራት ወደ ጆሮው ውስጥ ተመለከተና ፉጨት አሰማ።

«አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

ሚስትየው መለሰችለት፤ «ድንጋይ ጠራቢ።»

«እሱማ ይታያል። ግማሹን ይዘውት መጥተዋል።»

ዘይት ጠብ አድርጎ አስተኝቶ ካቆየው በኋላ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ረጨበት። ከአንዱም ከሌላውም ጆሮ የወጣው የዓመታት ኩክና የድንጋይ ብናኝ አብሮ ደርቆ የጠጠረ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ነበር። ነርሱ ሳህን ላይ አድርጎ አሳየው። «ይሄን በመሮ እንጂ በውሃ ማውጣት ያሳፍራል። ውሃ ግን ሁሉን ይችላል፤ ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።»

«እሱን እንኳ ለኔ አትንገረኝ» አለ ጆሮው፣ ከዚያም ደነገጠ። የገዛ ድምፁ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ሰማው። የስሪንጁን መንጠባጠብ፣ የሚስቱን አምባሮች፣ በኮሪደሩ የሚጎተት ነጠላ ጫማ ሰማ። ዓለም ለካ እንዲህ ትንጫጫለች።

ነርሱ ግን አላታለለውም። «በጣም የቀጠነችዋን ድምፅ ዕድሜ ወስዷታል፤ እሷ አትመለስም። የቀረው ግን ይበቃዎታል።»

«ይውሰዳት» አለ። «የቀረውን መች አጣሁት።»

በማግስቱ የከተማው ሰው ሽማግሌውን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከድልድዩ ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ጤና ጣቢያው ሲዞርና ድንጋይ እየመታ ሲስቅ አየው። ኖራው ከኋላው እየተከተለ፣ «በአንዲት ኩክ ምክንያት ድፍን ከተማ ልታስፈርሰን ነበር!» ይለዋል። ጆሮው እንደ ቀድሞው መዶሻውን አያስቸኩልም፤ አንዱን ከመታ በኋላ ወዳጁን ዞር ብሎ፣ «አንተስ ምን ሰማህ?» ይለዋል። ከዚህ በፊት ማንንም እንዲህ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ኖራው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ኋላ ግን ጠጋ ብሎ ማዳመጥ ጀመረ።

በመጨረሻ ልጁ ቤት ደረሱ። ጆሮው ደረጃውን ከላይ ጀምሮ መታው። አለ። አለ። አለ። ልጁ በየቃሉ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠች ተከተለችው። ከታች ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ደግሞ መታው፤ ኖራውንም አየው፤ ኖራው ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ይሄ አለ» አለ ጆሮው፣ «ግን አኩርፏል።»

አንድም ቀን እንዲህ ያለ ፍርድ ሰጥቶ አያውቅም። ቀና ብለው ሲያዩ አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተከፍቷል፤ ክረምቱን ሙሉ ጠብታው እዚህች ድንጋይ ላይ ሲወርድ ከርሟል። ሌሎቹ ላይ ዝናቡ ወርዶ ሄዷል፤ እዚች ላይ አድሯል። ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ነገር ከስሯ ተለጥፎባታል፤ ቅርፊቱም የወደቀው ከዚያው ነው። ድንጋይ የሚጎዳው የመጣው ዝናብ ሳይሆን አልሄድ ያለው ነው፤ ሰውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ታዲያ ይቀየር?» አለች ልጁ።

«አሸንዳውን ባልሽ ይጠግን። ድንጋዩ ይደርቅና ይታረቃል። የልጅ ልጆችሽ ይጠይቁት።»

አማችየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ሺህ ዓመት ቆጥረው ያውቃሉ አባባ?» አለው።

«አንተ፣ አሁን እኮ እሰማለሁ!» አለው ጆሮው፣ ትከሻውን ቸብ እያደረገ።

ልጅቱ ቀዩን ቅዳጅ ከገመዱ ፈታችው። የስፌት መኪናው በደረጃው፣ በሁለት ሰው ትከሻ፣ በቀጥታ ወደ ቦታው ወጣ። ከላይኛው ደረጃ ጠርዝ የተፈነጠረውን ጥቁር ስባሪ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቷን እንዲይዝላት ጫነችው፤ ቅርፊቱንም አልጣለችው፣ ከጎኑ አኖረችው። የተሰበረውን ጠርዝ አባትየው ጠርቤ ላስተካክለው ሲላት እምቢ አለች። «እንዲያው ይሁን፤ ለመዶሻ የሰጠውን መልስ ሰዎች ይዩት።»

ከሰዓት በኋላ ያቺ ሞላ ያለች ደንበኛ ሱሪዋን ልትሞክር መጣች። ገመዱ መነሣቱን አይታ ቆመች፣ የመጀመሪያውን ደረጃ በእግሯ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቷ ወጣች። ጆሮው ከደረጃው ስር፣ ማንም እንዳይቆምበት ከልክሎት ከነበረው ቦታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከራሱ በላይ ተረከዟ ድንጋዩን ሲመታ ያዳምጣል። አንደኛው ጮኸ፣ ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ድምፁን ወፈር፣ ዝቅ አደረገ።

«እሱ ነው» አለ ለራሱ፣ ዐይኑን እንደጨፈነ።

አራተኛው ጮኸ። ሴትየዋ እያለከለከችና እየሳቀች እስከ ላይ ወጣች፤ በሩ ተከፈተ፤ የስፌት መኪናውም መንከትከቱን ቀጠለ። አንድም ሳያመልጠው ሰማው።